የጣናን ፎቶ የት እንሽጥ? ለባሕር ዳር ፎቶ አንሺዎች የአማራጮች ንጽጽር

ባሕር ዳር ላይ ካሜራ ያለው ሰው ሁሉ የጣና ጀምበር መጥለቂያ ፎቶ አለው። ሃርድ ዲስኩ ቢከፈት የደንገል ታንኳው፣ ፔሊካኑ፣ የጢስ ዓባይ ጭጋግ፣ የዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ በየፎልደሩ ተኝቷል። ሠርግና ምረቃ ቀዝቀዝ ባለ ጊዜ «ይህን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ብሸጠውስ?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። መሸጡስ ይሸጣል። መታወቅ ያለበት የት እንደሚሸጥ፣ በስንት እንደሚሸጥ፣ ገንዘቡ እጅ እስኪገባ ድረስ ደግሞ ማን ማን እንደሚቀንስበት ነው።

አማራጮቹን በአራት ከፍዬ አያቸዋለሁ። አንደኛው በሳንቲም የሚሸጡት ትልልቆቹ የስቶክ ፎቶ ቤቶች (የብዙ አንሺዎችን ፎቶ ሰብስበው ኢንተርኔት ላይ የሚሸጡት) ናቸው፤ ሹተርስቶክ፣ አዶቢ ስቶክና አይስቶክ። ሁለተኛው እንደ አላሚ ያለው፣ ዋጋው ሻል ብሎ ሽያጩ የሚዘገየው ነው። ሦስተኛው እዚሁ ከተማ ውስጥ በቀጥታ መሸጥ ነው። አራተኛው በነጻ መልቀቅ። አቋሜን ቀድሜ ልናገር፦ ለአብዛኛው የባሕር ዳር ፎቶ አንሺ ደህና ገንዘብ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። የመጀመሪያው የኪስ መደጎሚያ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ትዕግሥት ላለውና የፎቶ መግለጫ በደንብ መጻፍ ለሚችል ሰው ይሆናል።

ዋጋው እንዴት ሳንቲም ሆነ

የፎቶ ቤቶቹን ዓመተ ምሕረት የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በ1990ዎቹ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ፎቶ ሲፈልግ ወደ ኤጀንሲ ይደውላል። ኤጀንሲውም ፎቶው የት እንደሚወጣ፣ በምን መጠን፣ ለስንት ጊዜ፣ በየትኛው አገር እንደሆነ ጠይቆ ዋጋ ይቆርጣል። ለአንድ ፎቶ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር መክፈል ያኔ ብርቅ አልነበረም። ቢል ጌትስ በ1989 ኮርቢስን፣ ማርክ ጌቲና ጆናታን ክላይን በ1995 ጌቲ ኢሜጅስን ሲያቋቁሙ ዓይናቸውን የጣሉት እዚህ ገበያ ላይ ነበር።

ገበያውን የገለበጡት ዲጂታል ካሜራና ወርኃዊ ክፍያ ናቸው። አይስቶክ በ2000 ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ ሲጀመር ዲዛይነሮች ፎቶ በነጻ የሚለዋወጡበት ቤት ነበር፤ ቆይቶ በርካሽ መሸጥ ጀመረ። በ2003 ደግሞ ጆን ኦሪንገር የተባለ ሰው ራሱ ያነሣቸውን 30,000 ፎቶዎች ይዞ ኒው ዮርክ ላይ ሹተርስቶክን ከፈተ። ደንበኛው በየወሩ ይከፍልና ብዙ ፎቶ ያወርዳል። ለገዢው ከዚህ የተሻለ የለም። አንሺው ግን ከዚያ ወዲህ ለፎቶው ሳይሆን ከአንድ ሰው የወር ክፍያ ላይ ተቆንጥሮ ነው የሚከፈለው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ትልቁ ትንሹን መዋጥ ነው። ጌቲ በ2006 አይስቶክን በ50 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። አዶቢ ፎቶሊያ የሚባለውን ቤት በ800 ሚሊዮን ዶላር ጠቅልሎ በ2015 አዶቢ ስቶክን ከፈተ። ኮርቢስ በ2016 ለቻይናው ቪዥዋል ቻይና ግሩፕ ተሸጠ። ጌቲ በ2020 መጀመሪያ ላይ ለፈጠራ ፎቶዎች (ለማስታወቂያና ለዲዛይን ለሚውሉት) ያቆየውን፣ እንደ አጠቃቀሙ ዋጋ የመቁረጥ አሠራር ተወው። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሹተርስቶክ የአከፋፈል ደንቡን ቀየረና የአንሺው ድርሻ ከ15 በመቶ እንዲጀምር አደረገ። በጥር 2025 ደግሞ ጌቲና ሹተርስቶክ ወደ 3.7 ቢሊዮን ዶላር በሚገመት ስምምነት ሊዋሐዱ መሆናቸውን አስታወቁ። ተወዳዳሪ የፎቶ ቤት ሲቀንስ አንሺው «እንግዲያው ሌላ ጋ እሄዳለሁ» የሚልበት በር ይጠባል።

በሌላ በኩል ነጻ ፎቶ አለ። ፔክስልስና ፒክሳቤይ በ2019 የካንቫ ሆኑ፤ አንስፕላሽ በ2021 የጌቲ ሆነ። በነጻ የሚሰጡትንም የገዟቸው ሻጮቹና የዲዛይን ኩባንያዎቹ ናቸው።

አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጣ። አዶቢ ስቶክ በ2022 መጨረሻ በማሽን የተሠራ ምስል፣ ማሽን እንደሠራው ከተጻፈበት፣ መቀበል ጀመረ፤ ጌቲ በዚያው ዓመት ከለከለ። አዶቢ በ2023 ያወጣውን ፋየርፍላይ የተባለ ምስል ሠሪ ያሠለጠነው በአዶቢ ስቶክ ፎቶዎች ነው፤ ለፎቶዎቹ ባለቤቶችም የጉርሻ ክፍያ ፈጽሟል። ሹተርስቶክም ፎቶዎቹን ለማሽን ማሠልጠኛ ያከራያል፤ ከዚያ ለአንሺዎች የሚያካፍልበት ፈንድ አለው። ከእነዚህ የሚመጣውን ገንዘብ በጀት ውስጥ አታስገቡት፤ ሲመጣ ይምጣ።

ለእኛ የሚያሳስበው ሌላ ነው። «ፀሐይ ስትጠልቅ ሐይቅ ላይ አንዲት ጀልባ» ብሎ የጻፈ ዲዛይነር በሰከንዶች ውስጥ የፈለገውን ያገኛል። ሐይቁ ጣና ይሁን ቪክቶሪያ ግድ የለውም። ስለዚህ የጀምበር መጥለቂያ ፎልደራችሁ፣ እንደ ሸቀጥ፣ ወድቋል። ማሽኑ የማይሰጠው በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትሩ የዓባይ ድልድይ ዛሬ ጠዋት ምን እንደሚመስል ነው። እምቦጭ ዘንድሮ የት ድረስ እንደተስፋፋ፣ የዘጌ ቡና ማን ግቢ እንደተሰጣ፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ ምን እንደዋለም አያውቅም። ቦታ፣ ቀንና ስም ያለው ፎቶ ገና ዋጋ አለው።

ሹተርስቶክ፣ አዶቢ ወይስ አይስቶክ?

ድርሻውን እንይ። አዶቢ ስቶክ ለፎቶ 33 በመቶ፣ ለቪዲዮ 35 በመቶ ይሰጣል፤ ብዙ ሸጣችሁም ጥቂት ያው ነው። ሹተርስቶክ ከ15 እስከ 40 በመቶ በስድስት ደረጃ ይከፍላል። ደረጃው በዓመቱ ውስጥ በወረደላችሁ ፎቶ ብዛት ያድጋል። ክፋቱ በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ቀን ሁሉም ሰው ወደ አንደኛ ደረጃ መመለሱ ነው። ዓመቱን ሙሉ ዳገት ወጥታችሁ በእኛ ገና ዋዜማ ግርጌው ላይ ትገኛላችሁ። አይስቶክ ፎቷቸውን ሌላም ቤት ለሚሸጡ ሰዎች 15 በመቶ ነው የሚሰጠው፤ ከእሱ ጋር ብቻ ለሚሠሩ ከ25 እስከ 45 በመቶ።

መቶኛው ብቻውን ሁሉን አይነግርም፤ ወደ ሳንቲም እናውርደው። በሹተርስቶክ ለአንድ ማውረድ ዝቅተኛው ክፍያ 10 የዶላር ሳንቲም ነው። ፎቷችሁ ሁሌ በዚህ ቢሸጥ 25 ዶላር ለመሙላት 250 ጊዜ መውረድ አለበት። በአዶቢ በወርኃዊ ክፍያ የሚወርድ ፎቶ ቢያንስ 33 ሳንቲም ያስገኛል፤ ለዚያው 25 ዶላር 76 ጊዜ መውረድ ይበቃዋል። አዶቢ 25 ዶላር ሲሞላ ገንዘቡን ያወጣላችኋል። አይስቶክ ግን እስከ 100 ዶላር ያስጠብቃችኋል፤ ፖርትፎሊዮው ትንሽ ለሆነ ሰው 100 ዶላር ረጅም መንገድ ነው።

እኔ ብጠየቅ በአዶቢ ጀምሩ እላለሁ። ሹተርስቶክን ሁለተኛ አድርጉት፤ ዋናው ምክንያትም አዶቢ የማይቀበላቸውን የዜና ዓይነት ፎቶዎች መቀበሉ ነው። ከአይስቶክ ጋር ብቻ የመሥራት ውል ግን አይመከርም። ሮያሊቲ ፍሪ የሚባለውን (ገዢው አንዴ ከፍሎ ደጋግሞ የሚጠቀምበትን) ፎቶ ሌላ ቦታ እንዳትሸጡ እጃችሁን ያስራል፤ ወሩን ሙሉ ፎቶ ማምረት ለሚችል ስቱዲዮ እንጂ ከሠርግ በተረፈ ሰዓት ለሚሠራ ሰው አይሆንም።

ሰው የማያስበው ሌላ ቅናሽ አለ፤ ግብር። አዶቢና ሹተርስቶክ የአሜሪካ ኩባንያዎች ስለሆኑ ሲመዘገቡ ደብልዩ-8ቤን የሚባል ቅጽ ያስሞላሉ። ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላቸው አሜሪካ ላለ ደንበኛ ከተሸጠው ፎቶ ድርሻችሁ ላይ 30 በመቶ ይቆረጣል። ሌላ አገር ካለ ደንበኛ የመጣው አይነካም። 33 ሳንቲሟ አሜሪካ ከተሸጠች 23 ሳንቲም ሆና ነው የምትገባው። ቅጹ ላይ የስምምነቱን ክፍል ለመሙላት አትታገሉ፤ ባዶ ይቀራል።

ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ ደግሞ ፎቶ ከመጫን በፊት መታየት አለበት። እዚህ በተከፈተ የፔይፓል አካውንት ገንዘብ መቀበል ስለማይቻል ብዙው ፍሪላንሰር የሚጠቀመው ፔዮኒርን ነው፤ ከዚያ ወደ ባንክ ያወርደዋል። ስሙ በፓስፖርቱ፣ በፔዮኒሩና በባንኩ ደብተር ላይ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። «ኃይለ ማርያም» በአንዱ ተነጣጥሎ በሌላው ተገጣጥሞ ከተጻፈ ገንዘቡ መሐል መንገድ ላይ ይቆማል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር መቶውን አልፏል። በብር ስትቆጥሩት ሳንቲሟ የወፈረች ትመስላለች። ሌንሱም፣ ባትሪውም፣ ሜሞሪ ካርዱም የሚገባው በዚያው ዶላር ስለሆነ ግን ብዙ ደስ አይበላችሁ።

አላሚ፣ እና የቆሮሶው ፎቶ

አላሚ በ1999 እንግሊዝ ውስጥ የተመሠረተ ሲሆን ከ2020 ጀምሮ የፒኤ ሚዲያ ግሩፕ ነው። ጋዜጦች፣ የመማሪያ መጻሕፍት አሳታሚዎች፣ መጽሔቶች ይገዙታል። በአንድ ፎቶ የሚያስከፍለው ከሹተርስቶክ በብዙ ይበልጣል፤ ድርሻችሁም 40 በመቶ ነው። ዓመታዊ ሽያጫችሁ ከ250 ዶላር በታች ሲሆን ግን ወደ 20 በመቶ ይወርዳል። በሌላ አገር ወኪል በኩል ሲሸጥ ወኪሉም ይቆርጣል። ብዙ ወር ምንም ሳይሸጥ ይቆይና አንድ ቀን አንድ ፎቶ በ30 ዶላር ይሄዳል፤ በ40 በመቶ ስሌት ለእናንተ 12 ዶላር ነው። አዶቢ ላይ ይህን ለማግኘት 37 ማውረድ ይጠይቃል።

እዚህ ቤት ውስጥ ውበት ብዙ አይሠራም። ገዢው አርታኢ ነው። የሚፈልገው «ዓሣ» ሳይሆን ጣና ላይ የሚያዘውን የዓባይ ቆሮሶ ነው።

ሐይቁ ዳር ጠዋት ዓሣ የሚራገፍበት ቦታ ላይ እንዳላችሁ አስቡ። ታንኳው ተጠግቷል፤ አንዱ አስጋሪ ቆሮሶና አምባዛ እየለየ ይወረውራል፤ ሌላው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቅርፊት ይፍቃል፤ ፔሊካኖቹ የሚጣለውን አንጀት ይጠብቃሉ። ብዙው ሰው ፔሊካኑን ያነሣና «ቆንጆ ወፍ፣ አፍሪካ» ብሎ ይጭናል። ያ ፎቶ ከመላው ዓለም ፔሊካን ጋር ይሰለፋል። የሚሸጠው እጁ፣ ቢላዋውና ዓሣው አብረው የታዩበት ነው፤ በሁለት ሁኔታ። አንደኛ መግለጫው ከተማውን፣ ሐይቁን፣ አገሩን፣ ወሩንና ዓመቱን፣ ሰውየው የሚሠራውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ከያዘ። ሁለተኛ በመፈለጊያ ቃላቱ ውስጥ የዓሣው የእንግሊዝኛ ስምና ሳይንሳዊ ስሙ ከገቡ፤ የቆሮሶ ኦሪዮክሮሚስ ኒሎቲከስ ነው። የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅ የሚፈልገው በዚህ ስም ነው። ቆሮሶን ከአምባዛ መለየት ለባሕር ዳር ልጅ ጨዋታ ነው፤ ለንደን ለተቀመጠ ፎቶ አንሺ ግን አይደለም። ያለን ብልጫ ይኼው ነው፤ እሱኑ ደግሞ ባዶ መግለጫ እየጻፍን እንጥለዋለን።

ታንኳውም እንዲሁ። ውኃ ላይ የተነሣው ብዙ ነው። ደንገሉ ሲታጨድ፣ ሲደርቅ፣ ሲታሰር፣ ውኃ የጠገበው አሮጌ ታንኳ ዳር ወጥቶ ሲጣል፣ ይህ ሁሉ በቅደም ተከተል የተነሣ እንደሆነ መጽሔት አንድ ላይ ይገዛዋል። እምቦጭም ጣና ላይ ከታየበት እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በተመራማሪዎችና በጋዜጦች የሚፈለግ ርዕስ ነው፤ እዚያ ላይ ቀንና ቦታ የሌለው ፎቶ ዋጋ የለውም። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 የዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ (ጥብቅ የተፈጥሮ ክልል) ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ የአካባቢ ጥበቃ ጽሑፎችም በዝተዋል።

እዚሁ ከተማ ውስጥ

ጌቲ ለፈጠራ ፎቶዎቹ የተወው የድሮው አሠራር ባሕር ዳር ላይ አሁንም ይሠራል። ሎጁ የፎቶ ቤት ወርኃዊ ክፍያ የለውም። የሚፈልገውም «የአፍሪካ ሐይቅ» ሳይሆን ከራሱ በረንዳ የሚታየውን ጣና ነው፤ ያንን ከማንም ሰርቨር አያገኘውም። የዘጌን ቡና የሚሸጠው ሰው የሚፈልገው የዘጌን ዛፍ ጥላ ነው። ገዢው ሌላ የት ሊሄድ? ስለዚህ የድሮዎቹን የኤጀንሲ ጥያቄዎች እናንተ ትጠይቃላችሁ፤ የት ይወጣል? በምን መጠን? ለስንት ጊዜ? ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበት ትፈልጋላችሁ?

ገዢዎቹ እነማን ናቸው? ሆቴሎችና ሎጆች፣ አስጎብኚዎች፣ የጀልባ ማኅበራት፣ ዩኒቨርሲቲው፣ የባህልና ቱሪዝም ቢሮው፣ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች፣ ባንኮች። እንግዳ በሚጠፋበት ጊዜ ሆቴልና አስጎብኚ መጀመሪያ የሚቆርጡት የማስታወቂያ ወጪ ነው፤ ባለፉት ዓመታት ያየነው ነው። ባንክ ግን ካላንደሩን፣ ድርጅቱም ዓመታዊ ሪፖርቱን አይተውም። ደንበኛችሁን ከሁለቱም ወገን ያዙ።

ዋጋ አወጣጥ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። መነሻችሁን የግማሽ ቀን የፕሮግራም ቀረጻ ዋጋችሁ አድርጉት፤ እሱን ገበያው ያውቀዋል። ለድረ ገጽና ለማኅበራዊ ሚዲያ ብቻ፣ ለአንድ ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ ሩቡን ጠይቁ። ለታተመ ብሮሸር ግማሹን። ለቢልቦርድ ወይም ለካላንደር ሙሉውን። «ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበት» ካሉ እጥፍ አድርጉት። ይህ የእኔ ሚዛን ነው፤ እንደ ደንበኛው አቅም ከፍና ዝቅ ይላል። ብቻ አንዱን ዋጋ ከሌላው የሚለየው አጠቃቀሙ መሆኑን ደንበኛው ይወቅ፤ «ያው አንድ ፎቶ አይደል እንዴ?» ማለቱ አይቀርም።

የሚከብደው ክርክር ሌላ ነው። ሥራ አስኪያጁ ቡና ጋብዞ፣ ትከሻ መታ አድርጎ እንዲህ ይላል፦

«ወንድሜ፣ ስምህን ጽፈን እንለጥፈዋለን እኮ። ለአንተም ማስታወቂያ ነው።»

«እሺ ጋሼ፣ ስሜንም ጻፉልኝ። ሒሳቡን ደግሞ በደረሰኝ አደርግላችኋለሁ።»

በፈገግታ ይባላል፤ ግን ይባላል። እዚህ ላይ የላላ ሰው የሚቀጥለውንም ደንበኛ በዚያው ለምዶ ያገኘዋል፤ ከተማው ትንሽ ነው፣ ሰው ይነጋገራል።

ደረሰኝ ካልን፣ ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሌለው ሰው ለግለሰብ ሎጅ ሊሸጥ ይችል ይሆናል፤ መሥሪያ ቤት ግን አይገዛውም። መንግሥት ቤት ፕሮፎርማ ሰብስቦ፣ በግዢ ክፍል አልፎ ነው የሚከፍለው። ክፍያው ይዘገያል፤ ስለዚህ ፎቶውን በውኃ ምልክት፣ በትንሽ መጠን አሳዩና ዋናውን ፋይል ከክፍያ በኋላ ስጡ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለበለዚያ ተጨምቆ ይደርስና «ፎቶህ ጥራት የለውም» ትባላላችሁ።

ውል ይኑር፤ አንድ ገጽ ይበቃል። የፎቶዎቹ ቁጥር፣ የሚውሉበት ነገር፣ ዘመኑ፣ ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ መከልከሉ፣ ዋጋው፣ ፊርማ። ከፌስቡክ ፎቶ አውርዶ መለጠፍ ነውር የማይመስለው ድርጅት ብዙ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ይጠብቃል። ሕጉን ከመጥቀስ በፊት ግን ዋናውን ፋይል ከነቀኑ ማስቀመጥ ይቀድማል፤ «የእኔ ነው» ለማለት ማስረጃው እሱ ነው።

አሁን ወደ ንጽጽሩ ልመለስ። ሹተርስቶክ ላይ አንዴ የተሸጠ ፎቶ ማን እንደያዘው አይታወቅም። ያንን ፎቶ ለባንክ ካላንደር «የእናንተ ብቻ ነው» ብላችሁ ልትሸጡት አትችሉም፤ ብትሉ ውሸት ነው፣ ሌላ ድርጅት ይዞት የወጣ ቀን ታፍራላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ፎልደሩን ለሁለት ክፈሉት። ጣናነታቸው የሚታወቅ ምርጥ ፎቶዎች፣ ደሴቱ፣ ድልድዩ፣ ከቤዛዊት ጋራ ላይ የሚታየው ዓባይ፣ ጢስ ዓባይ ሞልቶ የተነሣው፣ ለአገር ውስጥ ገዢ ይቀመጡ። ቦታቸው የማይለያቸው፣ ቡና የያዘ እጅ፣ ጤፍ፣ በርበሬ፣ የተሸመነ ጥለት፣ ወደ አዶቢ ይሂዱ፤ እነሱን እዚህ የሚገዛ የለም፤ እዚያ ግን በየወሩ ሊወርዱ ይችላሉ።

በነጻ መልቀቅስ?

አንስፕላሽ ላይ የተጫነ ፎቶን ማንም ለንግድ ጭምር፣ ሳይከፍልና ስም ሳይጠቅስ ይጠቀምበታል። የሚያስገኘው እይታ ነው፤ እይታ ደግሞ ባሕር ዳር ላይ ደንበኛ ሆኖ አይመጣም። ለእኔ አይዋጥልኝም። ዊኪሚዲያ ኮመንስ ይለያል፤ በብዛት በሚሠራበት ፈቃድ ተጠቃሚው ስማችሁን የመጥቀስ ግዴታ አለበት፤ ፎቶውም ስለ ጣና በተጻፈ የዊኪፒዲያ ገጽ ላይ ለዓመታት ይቆያል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሚካሄደው ዊኪ ላቭስ አፍሪካ ውድድርም ሽልማት አለው። የማትሸጧቸውን ጥቂት ጥሩ ፎቶዎች እዚያ ማኖር ጉዳት የለውም፤ አንዴ ከሰጣችሁ ግን መልሶ መውሰድ የለም።

ፊት፣ ገዳምና ድሮን

ፊቱ የሚታወቅ ሰው ያለበትን ፎቶ ለማስታወቂያ ለመሸጥ ሞዴል ሪሊዝ የሚባል የተፈረመ ፈቃድ ይጠየቃል። አዶቢ ያለ እሱ አይቀበልም። አላሚና ሹተርስቶክ ለዜና አገልግሎት ብቻ ብለው ይቀበላሉ። የውጭ ቤት ሕግ ብቻ አይደለም፤ የእኛው ፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይላል፤ ቀጥሎም የተለዩ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል። ቅጹ እንግሊዝኛ ስለሆነ ከማስፈረም በፊት በአማርኛ አንብቡላቸው፦ ፎቷቸው የሳሙና ማስታወቂያ ላይ ሊወጣ እንደሚችል፣ የት አገር እንደሆነ እናንተም እንደማታውቁ። ይህን ሰምተው «አይሆንም» የሚሉ እናት ካሉ፣ እማማ መብታቸው ነው።

ገዳማቱ ላይ ጥንቃቄው ይበልጣል። የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ወይም የናርጋ ሥላሴን ሥዕል ፍላሽ እያበሩ ማንሳት አይገባም። ለጉብኝት የከፈላችሁት የመግቢያ ገንዘብ ሥዕሉን ለንግድ የመሸጥ ፈቃድ አይደለም፤ አባቶችን ለይታችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። እንደ ክብራን ገብርኤል ባሉት ሴቶች ስለማይገቡ ለሴት ፎቶ አንሺ ቀድሞ ማወቁ ይበጃል። ድሮን ያለ ኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር (ኢመደአ) ፈቃድ አይነሣም፤ ያለ ፈቃድ የተነሣ ፎቶ የፈለገውን ያህል ቢያምር ለመሥሪያ ቤት ማሳየት ራስን ማስጠቆም ነው።

ታዲያ ለማን የቱ?

የሠርግ ስቱዲዮ ላለው ሰው ቀጥታ ሽያጩ ይቀድማል፤ ፈቃዱም፣ ደረሰኙም፣ ደንበኛውም አለው። ካላንደር ለመስከረም ስለሚደርስ ፎቶ ፍለጋው ከክረምት በፊት ነው፤ በሚያዝያና በግንቦት ናሙና ይዞ ባንኮቹን የዞረ ሰው ነሐሴ ላይ ከሚሮጠው ይቀድማል።

ጀልባ ላይ የሚውል አስጎብኚ ስልኩ ጥሩ ከሆነ ለአላሚ ይሆናል። ሁልጊዜ ቦታው ላይ ነው፤ ወፉንም፣ ገዳሙንም፣ ታሪኩንም ያውቃል፤ መግለጫ መጻፍ ሥራው ነው ማለት ይቻላል።

ለድርጅት የሚሠራ ሰው ከሁሉ በፊት የቅጥር ውሉን ያንብብ፤ በሥራ ሰዓት የተነሣው ፎቶ የአሠሪው ሊሆን ይችላል።

ለተማሪ አዶቢ ይበቃዋል። 18 ዓመት ይሙላ፣ ፔዮኒሩን ያስተካክል፣ በየሳምንቱ ጥቂት ይጫን። ኔትወርክ ደህና በሆነ ሰዓት ለመጫን መግለጫዎቹን ቀድሞ ከመስመር ውጭ ጽፎ ይጠብቅ። ቪዲዮ መቅረጽ ከቻለ ደግሞ በዚያ ይበርታ፤ ለአንድ ቪዲዮ የሚከፈለው ከፎቶው ስለሚበልጥ፣ ታንኳ ሲታሰር የሚያሳይ 20 ሰከንድ፣ በትሪፖድ፣ ሳይንቀጠቀጥ የተቀረጸ፣ ከመቶ ጀምበር መጥለቂያ ይሻለዋል።